መለያ እየጠጣን ነው

የአዲስ አበባ ቢራ ጠጪ ቢራ አይመርጥም፤ መለያ ነው የሚመርጠው። መለያ ስል ሁለቱንም ማለቴ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውንም፣ ኳስ ተጫዋች የሚለብሰውንም። «እኔ የጊዮርጊስ ነኝ»፣ «ከሐበሻ አልወጣም»፣ «ዋልያ ከሌለ ውሃ አምጪልኝ» እንላለን። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ስለ ጣዕም የሚነግራችሁ የለም። ቢበዛ «ይሄኛው ራስ አያሳምምም» ነው መልሱ። የአንድ መጠጥ ትልቁ ሙገሳ ራስ አለማሳመሙ ከሆነ፣ ምላሳችንን ሐሳቡን ከጠየቅነው ቆይተናል ማለት ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። የምኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤናና በቤተል መካከል ነው። የሰፈራችን ሱፐርማርኬት ፍሪጅ ከሩቅ ሲያዩት ያስጎመጃል፤ ቢጫው፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ወርቃማው ተደርድሯል። ለተወሰኑ ወራት ደሞዝ በገባ ቁጥር ቀምሼው የማላውቀውን አንድ አንድ ጠርሙስ እየገዛሁ፣ ቤት ወስጄ በብርጭቆ እየቀዳሁ፣ የተሰማኝን ደብተር ላይ ጻፍኩ። ደብተሩ ላይ በብዛት የሰፈረው «እንደ ባለፈው» የሚል ነው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሦስት ጓደኞቼን ጠርቼ፣ አምስት ዓይነት ቢራ በአምስት ብርጭቆ ቀድቼ፣ ጠርሙሶቹን ደብቄ አቀረብኩላቸው። ሦስቱም የማይለውጡት «የራሳቸው» ቢራ አላቸው። አንዳቸውም የራሳቸውን መለየት አልቻሉም። አንደኛው እንዲያውም «ይሄ ውሃ ነው» ብሎ የገፋው ለዓመታት ሲምልለት የኖረውን ነበር።

የጓደኞቼ ድክመት አይደለም። አብዛኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት መጠጥ፣ ማለትም ፈዛዛ ላገር ነው፦ ፈካ ያለ የገብስ ብቅል፣ ጥቂት ሆፕስ፣ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚሠራ እርሾ፣ 5 በመቶ አካባቢ አልኮል። ከዚያ ጥርስ እስኪቆረጥም ድረስ ቀዝቅዞ ይቀርባል። ቅዝቃዜ ደግሞ ምላስን ያደነዝዛል፤ የተረፈችውንም ትንሽ ልዩነት ይበላታል። ላገር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጥሩ ላገር መጥመቅ ከባድ ሙያ ነው። ጥያቄዬ፦ ለምን እሱ ብቻ?

ከመስመር የወጡ አልጠፉም። ጊዮርጊስ አምበር ቀላ ያለ፣ የተቃጠለ ስኳር ቃና ያለው ነው። ሐኪም ስታውት ደግሞ ጥቁር፣ የተቆላ እህል የሚሸት፣ ቡና ለሚወድ ሰው የተጠመቀ የሚመስል። ደብተሬ ላይ ከአንድ መስመር በላይ ያስጻፉኝ እንዲህ ያሉት ናቸው። እነሱን ፍለጋ ግን አራት አምስት ሱቅ መዞር ያስፈልጋል፤ ላገሩን ማንም ኪዮስክ ይሸጣል።

አሁን ፍሪጁን በቀለም ሳይሆን በባለቤት ደርድሩት። እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው ጊዮርጊስ ከ1998 ጀምሮ የፈረንሳዩ ካስቴል ነው። ሄኒከን በ2011 በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዛ፤ ቆይቶ ዋልያን አመጣ፤ ቂሊንጦ ላይም ትልቅ ፋብሪካ ተከለ። ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ወጣ ስትሉ ሰበታ ላይ የምታገኙት ሜታ በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጠ፤ በ2022 ደግሞ ዞሮ ካስቴል እጅ ገባ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን ገዝተው ያቆሙት ሐበሻ እንኳ አብላጫ ድርሻው የሆላንዱ ስዊንክልስ ነው። ማለትም ግሮሰሪ ውስጥ ጉሮሯችን እስኪነቃ የምንከራከርላቸው መለያዎች ሲጠቀለሉ ጥቂት እጅ ውስጥ ይገባሉ።

የውጭ ባለሀብት መጣ ብዬ አላለቅስም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስዊንክልስ አገሩ ላይ ላ ትራፕ የሚባሉትን የገዳም ቢራዎች ከመነኮሳት ጋር ይጠምቃል፤ ጥቁር አለ፣ ቀይ አለ፣ እንደ ወይን በትንሽ በትንሹ የሚጠጣ ጠንካራ አለ። ችሎታው አላቸው። እኛ ጋ ሲደርሱ ግን ዋናው ዕቃ ያው ላገር ነው። ለምን ይልፉ? እኛ ጣዕም አልጠየቅናቸውም፤ ቲሸርት ነው የጠየቅናቸው።

ቲሸርት ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ሐረር ቢራ፣ ሜታ ቢራ፣ ዳሽን ቢራ በስማቸው ክለብ ነበራቸው። ዋልያ የብሔራዊ ቡድኑ ስፖንሰር ሆኖ ነበር። ቢራን ከነጣዕሙ ሳይሆን ከነጩኸቱ ተማርነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ደግ አደረገ። ግን ማስታወቂያው ሲሄድ ደጋፊው ቀረ።

«እስቲ ልሞክር» የሚለውንም ሰው ባዶው ጠርሙስ ያስረዋል። አንድ ቢራ ልትገዙ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጠርሙስ ይዘሃል?» ነው። ከሌላችሁ ማስያዣ ትከፍላላችሁ። የያዛችሁት የሌላ ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ «ይሄ አይሆንም» ትባላላችሁ። ጠርሙስ ተመልሶ መታጠቡ ጥሩ ነገር ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ቤቱ የአንድ ፋብሪካ ሳጥን ያለው ሰው ያንኑ ሲሞላ ይኖራል። ፋብሪካዎቹ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ቢጠቀሙና አንዱ የሌላውን ባዶ ቢቀበል፣ ሰው በነፃነት ይቀምስ ነበር።

ወደ ዋናው ልምጣ። ቤልጅየሞች ላምቢክ የሚሉት ቢራ አላቸው፤ እርሾ አይጨመርበትም፣ በራሱ ይፈላል፣ ይኮመጥጣል። የቤልጅየም የቢራ ባህል በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጀርመን ባምበርግ ከተማ ደግሞ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የጭስ ቢራ ይጠምቃሉ፤ ሰው እሱን ሊቀምስ ባሕር አቋርጦ ይሄዳል። እኛስ? ጋኑን በግራዋ አጥበን በወይራ የምናጥነው፣ አሻሮ ቆልተን፣ ጌሾና ብቅል ጠንስሰን፣ እርሾ ሳንገዛ የምናፈላው ምንድን ነው? ጭሱም፣ ኮምጣጣውም፣ ምሬቱም በአንድ ጋን ውስጥ አለ። እሱን ግን «ጠላ ነው» ብለን እናልፋለን። ጣሳ የተደፋበት እንጨት ደጇ ላይ ያቆመች እናት ይህን ሁሉ ኬሚስትሪ በእጇ ታውቀዋለች። ልጆቿን ያስተማረችበት ሙያ ነው። ሆኖም በዓይናችን ጠማቂ ማለት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው፤ እሷ ጠላ ሻጭ ብቻ ናት።

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነው። ገብሱ ከአርሲና ከባሌ ይመጣል፤ ብቅል ፋብሪካ አሰላም፣ ደብረ ብርሃንም አለ። ጌሾ በየገበያው ይሸጣል። ታዲያ በጌሾ የመረረ፣ አሻሮ የገባበት፣ ወይራ የሸተተው ቢራ ጠርሙስ ውስጥ የማይገባው ለምንድን ነው? ሙያውን የምታውቀው እናትስ አማካሪ ሆና፣ ተከፍሏት፣ ስሟ መለያው ላይ የማይጻፈው ለምንድን ነው?

«ሰው ዘይት መግዣ አጥቶ አንተ ስለ ቃና ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ኑሮው የከበደበት ሰው እኮ ነው ለገንዘቡ ተገቢውን ማግኘት ያለበት። «መጠጥ ስንቱን ቤት አፈረሰ» የሚለኝም እውነቱን ነው። ቤት የሚያፈርሰው ግን የጠርሙስ ቁጥር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ባዶ እየደረደሩ «አሥር ከፈትን» ማለት። የሚጠጣውን የሚያጣጥም ሰው አንዱን ይዞ ያመሻል። ኮልፌ ውስጥ ደግሞ ቢራ የማይገባባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ሠርጋቸው ላይ የሚቀርበውን ቀሪቦ የቀመሰ ሰው፣ ጣዕም ከአልኮል እንደማይመጣ ያውቃል።

ስለዚህ ከ21 በላይ የሆናችሁና የምትጠጡ፦ በሚቀጥለው ደሞዝ ከለመዳችሁት ሦስት ቀንሱና የማታውቁትን አንድ ግዙ። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። በብርጭቆ ቅዱት፤ አሽትቱት። ጥቁሩን ቢራ ሱፐርማርኬቱ ካላመጣ፣ ባለቤቱን ለምን እንደማያመጣ ጠይቁት፤ በሳምንቱም ተመልሳችሁ ጠይቁት። አንድ ሰው ሲጠይቀው ይስቃል። ሃያ ሰው ሲጠይቀው ያዛል።