ሁለት ጠዋት ሐኪም አጠገብ ቆሜአለሁ፤ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ «የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። የተወለድኩት ባቲ ሲሆን ለእናቴ ዲቪ ደርሷት በ11 ዓመቴ ወደ አሜሪካ መጣሁ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ እየጨረስኩ ነው፤ ሐሳቤ ሐኪም መሆን ነው። ባለፈው ክረምት አክስቴን ልጠይቅ ባቲ ሄጄ ሳለ የምታውቀው ሐኪም ‹ነይና ሥራችንን እዪ› ብሎኝ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት አብሬው ሆንኩ። ቢደመር 8 ሰዓት ነው። ሰኞ ገበያ ስለሆነ በሽተኛው ብዙ ነበር። አንዲት አፋር እናት መጡ፤ ሐኪሙ አፋርኛም ኦሮምኛም አይችልም። ልጃቸው ከአፋርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ እኔ ደግሞ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየመለስን ታከሙ። አሁን የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ልሞላ ነው። ጓደኛዬ ‹8 ብለሽ ከሚሳቅብሽ 60 ብለሽ ጻፊ፣ መርፌም ወግቻለሁ በዪ፤ ባቲ ድረስ ሄዶ ማን ያጣራል?› ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ‹ሁለት ቀን ምን ቁም ነገር ሆኖ ይጻፋል፣ ተዪው› ትላለች። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ እህታችን፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስሚ።

ከጓደኛሽ እንጀምር። ኤምካስ የሚባለው ማመልከቻ ለእያንዳንዱ ተግባር ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሊጠየቅ የሚችል ሰው ስምና አድራሻም ያስሞላል። ስለዚህ ባቲ ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው የለም። በገዛ እጅሽ የምትጽፊው የዚያን ሐኪም ስም ነው። ቢጠየቅ ወይ አብሮሽ መዋሸት አለበት፣ ወይ ሊያጋልጥሽ ነው። በአክስትሽ ይሉኝታ በሩን የከፈተልሽን ሰው እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ መክተት ነውር ነው። እሱ ቢቀር እንኳ ቃለ መጠይቅ አለ። «60 ሰዓት ምን ስታዪ ከረምሽ?» ሲሉሽ የሁለት ጠዋት ትዝታ የት ያደርስሻል?

የመርፌውማ ጭራሽ አይነሳ። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ገና ያልሠለጠነ ተማሪ ውጭ አገር ሄዶ ከአቅሙ በላይ በሽተኛ ላይ እጁን እንዳያሳርፍ አስጠንቅቋል። ወግተሽ ቢሆን ኖሮ እንኳ ያስጠይቅሽ ነበር። ሳትወጊ ወጋሁ ብለሽ መከሰስ ምን ይሉታል?

ወደ እናትሽ እንምጣ። እሳቸው ግማሽ እውነት አላቸው። ማመልከቻው 15 ቦታ አለው፤ ሐኪም አጠገብ ቆሞ ማየትም የራሱ ምድብ አለው። ግን 15ቱንም ሙሊ ያለሽ የለም። 8 ሰዓት ለብቻው ተገትሮ ሲታይ አንባቢው «ይህች ልጅ ሕክምናን የምታውቀው በሁለት ጠዋት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥም ከሐኪም ጋር የዋልሽበት ቀን ካለ የባቲውን ከሱ ጋር በአንድ ቦታ አጣምረሽ፣ የት ስንት ሰዓት እንደሆነ ለይተሽ ጻፊ። ከሌለ ዛሬውኑ ፈልጊ። ቤተሰብሽን የሚያክም ሐኪም ካለ ከሱ ጀምሪ፤ ትልቅ ሆስፒታል ወረቀቱ ይበዛል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ የሐበሻ ሐኪሞችም አሉልሽ። ምንም ባይገኝ ግን 8ቱን 8 ብለሽ ጻፊ። ትንሽ ነው እንጂ ውሸት አይደለም።

እኛን የገረመን ሌላ ነው። ጓደኛሽም እናትሽም ሰዓት ሲቆጥሩ ዋናውን ነገር አልፈውታል። የባቲን ሰኞ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ግመሉን ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ነው። በዚያ ቀን አንዲት እናት ሕመማቸውን ለሐኪም ያስረዱት በሦስት ቋንቋ ተሻግረው ሲሆን፣ አንዷ ድልድይ አንቺ ነበርሽ። ይህ ቆሞ ማየት ሳይሆን ሥራ ነው። ቦታውም የሰዓት ዝርዝሩ ሳይሆን ሐኪም መሆን ለምን እንደፈለግሽ የምትጽፊበት ድርሰት ነው። አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። የትኛው ቃል አስቸገረሽ? ልጃቸው አፍሮ የዘለለው ነገር ያለ አልመሰለሽም? ሐኪሙ ደግሞ እንዲጠየቅ ያደረገው የቱን ነው? እሱን ጻፊ።

የሴትዮዋን መንደርና በሽታ ግን አታንሺ፤ ፎቶም ካለሽ እዚያው ስልክሽ ውስጥ ይቅር። «አፍሪካ ሄጄ ድህነትን አየሁና ሕይወቴ ተለወጠ» የሚለውንም እባክሽ ለቱሪስት ተዪለት። አንቺ እኮ አገርሽ ነው የገባሽው፤ ኦሮምኛውም የአፍሽ ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ አትጨነቁ። እዚህ ከ12ኛ ክፍል ፈተናና ከዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ውጤት እንጂ ከሐኪም ጋር ስንት ሰዓት እንደዋላችሁ የሚጠየቅ ፎርም የለም። ቢሆንም ሕክምናን ከመምረጣችሁ በፊት የሚፈቅድላችሁ ሰው ከተገኘ አንድ ጠዋት ሆስፒታል ብትውሉ አትከስሩም። ደም ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው ቀድሞ ቢያውቀው ይሻለዋል።

እህታችን፣ ፎርሙን ከመላክሽ በፊት ለሐኪሙ ደውይለት። ስሙን ለመጻፍ ፈቃዱን ጠይቂው፤ 8 ሰዓት ብለሽ እንደምትጽፊም ንገሪው። ሰኞ ብቻ እንዳትደውዪ፣ ገበያ ነው።