አባወራው ማን ነው?

እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት እያለን በቃላችን ሸመደድነው እንጂ ሥሩን ቆፍሮ ያሳየን አስተማሪ ብዙ አልነበረንም። እስቲ ዛሬ አንድ ሥር እንምዘዝ። "ፓተር" በላቲን አባት ማለት ነው። ከዚህ አንድ ሥር ስንት ነገር እንደበቀለ ብታዩ ትገረማላችሁ! ፓትሪዮት የአባቱን አገር የሚወድ ነው። ፓትሮን ጠባቂ ጌታ፣ አሳዳሪ ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች የባቡር ከተማ ናት፤ ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳዮች ደግሞ በቋንቋቸው አለቃን ዛሬም ፓትሮን ይሉታል። ልብስ የሚቆረጥበት ንድፍ፣ እንግሊዞች "ፓተርን" የሚሉት፣ እሱም ከፓትሮን የወጣ ነው። አባት ዋናው ቅርጽ፣ ሌላው ሁሉ ቅጂ!

ከሁሉም የሚያስቀው ግን ሁለቱ መንትዮች ናቸው፤ ፓትሪሞኒ እና ማትሪሞኒ። አንዱ ከአባት፣ ሌላው ከእናት የተወለዱ፣ ጅራታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ቃላት ናቸው። ፓትሪሞኒ ከአባት የሚወረስ ሀብት ነው። ማትሪሞኒስ? ትዳር! ለእሱ ርስቱን፣ ለእሷ ባሏን።

የፈረንጅ ጉድ ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። የእኛም ጓዳ ያው ነው። እርግጥ ፓትሪዮትን "አርበኛ" ስንል አባትን አላስገባንበትም፤ አገራችንም እናት ናት። ግን ከአገር ወደ ቤት ስንገባ ነገሩ ይገለበጣል። የምንሞትላት እናት አገር፣ የምንኖርበት ቤት ደግሞ አባወራ አለው!

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን በጽሑፍ አጽንቶት ነበር። አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አደረገው፤ ሚስትም ሕግን የማይጥስ እስከሆነ ድረስ ያዘዛትን እንድትፈጽም አዘዘ። ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እኩል ናቸው አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ያንን አንቀጽ ገሸሽ አድርጎ ቤተሰብን መምራት የሁለቱም ነው አለ። የጋራ ቤታቸውንም አንዱ ብቻውን እንዳይሸጥ ከለከለ። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጡ፣ ይህ የፌዴራል ሕግ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባ ላይና እዚሁ እኛ ድሬዳዋ ላይ ነው። ስለዚህ በድሬ አባወራ በሕግ ከሥልጣኑ ከወረደ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው።

ግን ማን ነገረው? ቅጹ አልሰማ! መዝገቡ አልሰማ! ዛሬም "አባወራው የት አሉ?" የሚል ጥያቄ በየደጁ ይመጣል። "እማወራ" የሚለው ቃልስ? በሪፖርት ቋንቋ እማወራ ማለት ባሏ የሞተባት፣ የፈታት ወይም ጥሏት የሄደ ሴት ሆናለች። ሴት የቤቷ መሪ ለመባል የግድ ወንድ ማጣት አለባት? ከፊራ ሂዱና ተመልከቱ። ከማለዳ ጀምሮ አትክልቷን ዘርግታ፣ ፀሐይ እየጠበሳት የምትሸጠዋ እናት፣ ባሏ ቤት ስለተቀመጠ ብቻ "የቤተሰብ አባል" ተብላ ትመዘገባለች!

"ባህላችን ነው" የሚሉ አሉ። የትኛው ባህል? ድሬ ላይ ጆሮ ያለው ሰው ኦሮምኛ ይሰማል። በኦሮምኛ "አባ ወራ" ሲባል ከጎኑ "ሃደ ወራ" አለች፤ አባቱም እናቱም በአንድ ቤት፣ በአንድ ጊዜ። ማንም እስኪሞት አይጠበቅም። አማርኛም ቢሆን "ባለቤቴ" የሚል ወርቅ ቃል አለው። ባልም ሚስቱን ባለቤቴ ይላል፣ ሚስትም ባሏን። ሁለቱም የቤቱ ባለቤቶች! ይህን የሚያህል ቃል እያለን ቢሮው አባወራ ላይ ምን አቸከለው?

"ቃል ምን ይለውጣል?" የሚሉም አይጠፉም። ይለውጣል እንጂ! መዝገቡ ላይ አንድ የበላይ ካለ መረጃ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ስብሰባ የሚጠራው እሱ ነው፤ እርዳታ ሲመጣም ስሙ የሚነበበው እሱ ነው። ሚስት በሕግ ያገኘችውን መብት ቅጹ ላይ ታጣዋለች። ሕጉን ያላነበበች እናት ደግሞ ሕግ ብላ የምታውቀው ቅጹን ነው።

አባቶቻችንን አንጠላም። ስማቸውን ከስማችን ቀጥለን፣ አግብተንም ሳንቀይረው እስከ መቃብር የምንሸከመው እኛው ሴቶቹ ነን! ጠባችን ከቃሉ ጋር ነው። እንግዲህ ቅጽ የምታዘጋጁ ወገኖቻችን፣ ሥራው ከባድ አይደለም፤ አንዱን ባዶ መስመር ሁለት አድርጉት። እናንተም አንባቢዎቻችን፣ በራችሁን አንኳኩቶ "አባወራው ማን ነው?" የሚል ሲመጣ፣ "የዚህ ቤት ባለቤቶች ሁለት ናቸው" በሉና ሁለቱንም ስም አስጽፉ።