ሽምግልና ወደ እናንተ መጥቻለሁ

ለተከበራችሁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽማግሌ ተብዬ አንድ ቤት ሄጄ ነበር። ባል ሚስቱን ደብድቦ፣ እሷ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጥታለች። ሦስት ሆነን ቡናዋን ጠጣን፤ «ለልጆችሽ ስትይ» አልናት፤ በማግስቱ አቤቱታዋን አነሳች። ስንወጣ ጽድቅ የሠራን መስሎን ነበር። ቡናውን ስትቀዳ አንድ ዓይኗ ከእብጠቱ የተነሣ አይገለጥም ነበር።

እንዲህ የቀናን ብልሆች ስለሆንን አይደለም። መንገዱን የጠረገልን ሕጉ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ስሙን ጠርቶ ያልፋል እንጂ የራሱ ቅጣት የለውም፤ ወደ ተራዎቹ የአካል ጉዳት አንቀጾች ይመራል። ጉዳቱ ቀላል ከተባለ ደግሞ ክሱ የሚቆመው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው። እሷ ዝም ስትል መዝገቡም ዝም ይላል። ፍቺ ሳትጠይቅ ባሏ ለጊዜው ከቤት እንዲወጣ ወይም እንዳይደርስባት የምታስወስንበት ግልጽ ድንጋጌም የለም። ያን ዕለት ማታ ያደረችው እዚያው፣ ከእሱ ጋር ነው።

አንቀጽ 620 ይብሳል። አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጭ» ይላል። በሁለት ቃል ያገባች ሴት እምቢታ ከሕግ ፊት ተሰረዘ።

«ባህላችን ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጠለፋም ባህል ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነው፤ የደፈነውም እናንተ አሁን የተቀመጣችሁበት ምክር ቤት ነው። አገር አልፈረሰም። ይኸው ሕግ ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ ላይ ከዋለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የቤቱ በር ግን እንደተዘጋ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከሦስት አንዷ ያህል በባሏ ጥቃት ደርሶባታል። እናንተን ከመረጡት መካከል ናቸው።

ያኔ ወደ እሷ ሄጄ ለመንኩ፤ ተሳስቻለሁ። አሁን የምለምነው እናንተን ነው። «ከጋብቻ ውጭ» የምትለዋን ሐረግ አውጡልን፤ በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ራሱን የቻለ፣ የጥበቃ ትእዛዝ ያለበት ሕግ አውጡ፤ ክሱንም የሽማግሌ ቡና የማያስቀረው አድርጉት።