የታሪክና የዜግነት መምህራን ሥልጠና ከሠርቶ አደሩ ኑሮ ጋር ይተሳሰር

በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣቶችን በስፌት መኪና ዙሪያ አሰባስቧል። በትምህርት ቤት ያለፉት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተምረዋል፤ የሕግ የበላይነት፣ ፍትሕ፣ ታታሪነትና ቁጠባ የሚገኙባቸውን 11 እሴቶችም በቃላቸው አጥንተዋል። (ቁጠባን ማስተማር መልካም ነው፤ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ለማያልፍ ሠራተኛ ግን ምዕራፉ ከደመወዝ አወሳሰን መጀመር ነበረበት።) እንግዲህ ይህ ወጣት የሥራ ውሉን አንብቦ መብትና ግዴታውን ለመለየት ከተቸገረ፣ መምህሩ እንዴት ተዘጋጀ የሚለው ጥያቄ ሊነሣ ግድ ነው።

እኛ ችግሩን በመምህሩ ስንፍና አናመካኝም። በሥራ ላይ ያለ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ተደንግጓል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ሰዓቱ ቅጽ በመሙላትና ማኅደረ ተግባር በማሳመር ካለቀ ግን የታሪክ መምህሩ አንድ ሰነድ፣ የዜግነት መምህሩም አንድ አዋጅ ሳያገላብጥ ዓመቱ ይዘጋል። የማስተማር ዘዴ የይዘትን ቦታ ሊተካ ከቶ አይችልም።

ተጨባጭ ምሳሌ እንውሰድ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምታስገባበት የአጎዋ ዕድል ታገደ። በአሜሪካ መንግሥት በኩል የቀረበው ምክንያት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነበር። ውሳኔውን ደግፎም ሆነ ተቃውሞ ከመናገር በፊት አሠራሩን ማወቅ ይቀድማል። ሕጉን በ1992 ዓ.ም. ያወጣው ኮንግረሱ ነው፤ አገሮች መስፈርቱን ማሟላታቸውን በየዓመቱ እንዲመረምር፣ ያላሟላውንም እንዲያስወጣ ሥልጣን የሰጠው ግን ለፕሬዚዳንቱ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ «ሕግ አውጪና ሕግ አስፈጻሚ» ተብሎ በደረቁ የተጻፈው የሥልጣን ክፍፍል፣ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ በምትሰፋ ሠራተኛ እንጀራ ላይ እስከ መወሰን ይደርሳል ማለት ነው። የባዕድ አገርን ታሪክና የመንግሥት አወቃቀር የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ያገኛል?

የአገር ውስጡም እንዲሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሳምንቱን መደበኛ የሥራ ጊዜ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጥቷል። ታሪኩም ሩቅ አይደለም። በአዳማ አቅራቢያ የሚገኘው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ኤች.ቪ.ኤ. በተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የወንጂ ሠራተኞችም በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት ግንባር ቀደም ከነበሩት መካከል ናቸው። የአዳማ ተማሪ ስለ ማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካዎች ተምሮ ስለ ወንጂ ሳይሰማ ቢመረቅ ጉድለቱ የማን ነው?

ስለሆነም ከ60ው ሰዓት ከፊሉ አዋጅና ሰነድ ለማንበብ፣ ከፊሉም ከሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮችና ከወንጂ አዛውንት ሠራተኞች ጋር ለመወያየት ሊውል ይገባል። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ የሚገኙ የቀበሌ ነዋሪዎችም ስለ አጥር እድሳትና ስለ መዋጮ ብቻ ሳይሆን፣ መምህራኑ በዚህ ዓመት ምን እንዳነበቡና ለማንበብ ምን እንደጎደላቸው ይጠይቁ።