ባቡር አለኝ በኮምቦልቻ

ባለፈው ሰሞን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ ነው ነገሩ የተነሳው። ሐረጎን እየተጠማዘዝን እንወርዳለን። ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል፣ ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ከኋላ ወንበር እግሯን የታሰረች ዶሮ ትንጫጫለች (ከፍላ ትሁን በነጻ አላወቅሁም)። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ዘንቢላቸውን እንዳቀፉ ወደ ረዳቱ ዞሩና፣ «አንተ ልጅ፣ ያ ባቡር እንዴት ሆነ?» አሉት።

ልጁ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «አብሽሩ እማማ፣ መብራት ሲመጣ ይመጣል» አላቸው። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። «መሬቱን ሲወስዱ እኮ መብራት አልጠበቁም» አሉ።

ይቺን ይዤ ነው ልጽፍ የተነሳሁት። ሴትየዋ የተናገሩት የእናት ምሬት ብቻ አይደለም፤ ፕሮጀክቱ የቆመበትን ቦታ ከብዙ መግለጫ በተሻለ ያሳያል።

ለረሳ ሰው ላስታውስ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ውል የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው። ተዋዋዮቹ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽንና ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ናቸው። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ብድሩ ተፈልጎ፣ ተገኝቶ ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ፣ ቀጥሎ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ እንዲሠራ ታቀደ። ተራራው ተፈለፈለ፣ ድልድዩ ተዘረጋ፣ ሀዲዱ ተነጠፈ። መቶ ፐርሰንት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው ተባለ። ከዚያ ምን ጎደለ? ኤሌክትሪክ!

እንግዲህ ልብ በሉ። የተሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር መንገድ ነው። በኤሌክትሪክ እንደሚሄድ ደግሞ ውሉ ሲፈረምም ይታወቅ ነበር። ሀዲድ አንጣፊው ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራት አስገቢው ገና መንገድ ላይ ነበር። አንዱ መሥሪያ ቤት ድግሱን ደግሶ ሌላው እንጨት ፍለጋ እንደወጣ ዓይነት ነው። ሁለቱም የአንድ መንግሥት ልጆች መሆናቸው ነው የሚያስገርመው።

አሁን «ጦርነቱስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጦርነቱን የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ከጋዜጣ አላነበበውም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ያየነውን አይተናል፤ ከተሞቹ ተይዘው ነበር፣ ፋብሪካ ተዘርፏል፣ የባቡሩም ንብረት አልተረፈም። ይሄን የሚክድ የለም። ግን ቁጠሩ እስቲ፤ ውሉ 2004፣ ጦርነቱ ኮምቦልቻ የገባው 2014። በመሃሉ አሥር ዓመት አለ። ጦርነት ካለፈ በኋላ የመጣን መዘግየት ያስረዳ እንደሆነ እንጂ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን መዘግየት ወደኋላ ተመልሶ ሊሸከም አይችልም። ለሁሉም ጥያቄ አንድ መልስ ሲገኝ ደግሞ እኔ መጠርጠር እጀምራለሁ።

«ባቡር ትልቅ ነገር ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው። አፄ ምኒልክ ለባቡሩ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡም ሳያዩት አረፉ። ነገር ግን ይሄን ምሳሌ የሚጠቅሱልን ሰዎች ግማሹን ይተዉታል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ድሬዳዋ ላይ ሥራ ጀመረ! አዲስ አበባ እስኪገባ ቆሜ ልጠብቅ አላለም። ጭነት ጫነ፣ ሰው አመላለሰ፣ ከተማ ቆረቆረ። የእኛው ግን የሐራ ገበያው ቢቀር እንኳ አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ሊገናኝ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ይሄን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም።

ይሄ ሁሉ ለምን ያበሳጨኛል? ኮምቦልቻ ባቡሩን ተማምና ስለተዘጋጀች ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ደረቅ ወደብ አላት፣ ጨርቃ ጨርቁም ከደርግ ዘመን ጀምሮ አለ። የፋብሪካው ዕቃ ዛሬም በከባድ መኪና በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ነዳጁ፣ ጎማው፣ መለዋወጫው በዶላር የሚመጣ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ከወንዛችን ነው የሚመጣው ተብሎ አልነበረም እንዴ ሀዲዱ የተነጠፈው?

ብድሩን ደግሞ አንርሳ። ብድር መብራት አይጠብቅም፤ ጨለማም ውስጥ ይወልዳል። ካበዳሪዎቹ አንዱ ክሬዲት ስዊስ የሚባል የስዊዘርላንድ ባንክ ነበር። ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ኖሮ በ2015 ዓ.ም. ወድቆ በሌላ ባንክ ተጠቀለለ። ባቡሩ ሳይመጣ አበዳሪው ባንክ ሞተ! (ዕዳው ግን ወራሽ አለው።)

ባቡሩ ቢመጣስ? እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ማየት ይገባል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ተሰልፈን ተሳፈርን፣ ፎቶ ተነሳን። ሰባት ዓመት ሳይቆይ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ በ2015 ዓ.ም. የሚሠሩት ከአሥር በታች እንደሆኑ ተዘገበ። አዲስ አበባ ባቡሩ መጥቶ መለዋወጫው ቀረ። ኮምቦልቻ ሀዲዱ መጥቶ ባቡሩ ቀረ። በሽታው አንድ ነው፤ የሚመረቀውን እንሠራለን፣ የማይመረቀውን እንተወዋለን። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና የመለዋወጫ መጋዘን ሪባን አይቆረጥላቸውማ!

እኛም ብንሆን ከደሙ ንጹህ አይደለንም። «ላም አለኝ በሰማይ» ብለን ስቀን እናልፈዋለን። ረዳቱ ቀለደ፣ መኪናው ሳቀ፣ አለቀ። ሹሙ በሳቃችን ውስጥ ተመቻችቶ ይኖራል። የጠየቁት እኒያ እናት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚመልስላቸው ሲያጡ ረዳቱን ጠየቁ።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። መብራቱን የሚያስገባው ማን ነው፣ እስከ መቼስ? የተጎዳውን የሚጠግነው ማን ነው፣ በየትኛው ገንዘብ? ባቡሩና ፉርጎው ታዟል ወይስ አልታዘዘም? መለዋወጫው በጀት ተይዞለታል? መሬቱን ለቆ ካሳው ያልበቃው ገበሬ አቤት የሚለው ለማን ነው? ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን የኃላፊው ስምና ቀን ይጻፍበት። ፐርሰንት አንፈልግም፣ ፐርሰንት ጠግበናል። ወረቀቱን ደሴ ፒያሳና ኮምቦልቻ መናኸሪያ ይለጥፉልን። ቆመን እናነበዋለን፤ ማንበብ ለማይችሉትም ረዳቱ ያነብላቸዋል።