ቀላል ሽጉጥ ፈልጎ ለጻፈልኝ ልጅ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ከዴንቨር በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ይፋግ ሳስተምረው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በመስኮት ጣራ ገዳምን እያየ የሚውል ልጅ ነበር፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ከጥቂት ዓመት ወዲህ የኮሎራዶን ተራራ በእግሩ መውጣት ለምዷል። ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ መኝታውን በጀርባው አዝሎ ሁለት ሦስት ሌሊት ጫካ ያድራል። (እናቱ ብትሰማ "እንጨት ሸክም ሸሽቶ ሄዶ ሸክም ገዝቶ ይሸከማል?" ትል ነበር።) ዘንድሮ ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን ይዞ ሊወጣ ነው። "ጋሼ፣ ለመንገዱ ቀለል ያለ አምስት ጎራሽ ልገዛ ነው፤ እርስዎ የመሣሪያ ነገር ያውቃሉ፣ የትኛው ይሻለኛል?" ብሎ የሦስት ሽጉጥ ፎቶ ከነክብደቱ ላከልኝ።

ለእሱ የመለስኩለትን እዚህም ልጻፈው አልኩ፤ ምክንያቱም እዚሁ ባሕር ዳርና ወረታ ያላችሁም በሌላ መልኩ ይህንኑ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል።

መጀመሪያ ስለ ሽጉጦቹ። ሦስቱም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚሠራቸው ትንንሽ ተሽከርካሪ ሽጉጦች ናቸው። አንዱ ሙሉ ብረት ነው፣ 640 ግራም ገደማ። ሁለተኛው አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ 410 ግራም አካባቢ። ሦስተኛው ቲታኒየምና ስካንዲየም የሚባል ነገር የገባበት፣ 330 ግራም የማይሞላ ወይም እዚያው ላይ የሚያርፍ ነው። ልጁ ልቡ የሄደው ወደ ሦስተኛው ነው። ይገባኛል። ሃያ ኪሎ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው የጥርስ ብሩሹን እጀታ ሳይቀር ቆርጦ ክብደት ይቀንሳል አሉ። 300 ግራም ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ሒሳቡን ያስተማርኩት እኔ ነኝና ላስታውሰው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ሽጉጡን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ግፊቱ ያው ነው፤ የሽጉጡ ክብደት በግማሽ ከቀነሰ ወደ ኋላ የሚመጣበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፣ መዳፍህ ላይ የሚያርፈውም ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ስትተኛ ያለፈችህ ይቺ ናት። ያ ቀላል ሽጉጥ ኃይለኛውን ጥይት፣ ፈረንጆቹ ማግነም የሚሉትን፣ ሲተኩስ እጅን እንደ በቅሎ ይራገጣል። ታዲያ ማን ይለማመድበታል? አምስት ጥይት ትተኩሳለህ፣ አውራ ጣትህን ታሻለህ፣ ወደ አፎቱ ትመልሰዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ይኖራል። አፈሙዙ ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ማነጣጠሪያዎቹ እንዲህ ሲቀራረቡ እጅ ትንሽ ሲዛነፍ ጥይቱ ሩቅ ይስታል። ያልተለማመደ እጅ፣ አጭር አፈሙዝ፣ ድንጋጤ፣ ምሽት። ምን ትመታለህ?

ሌላም አለ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቀላል ሽጉጥ ወደ ኋላ ሲዘል ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች ይናጣሉ። ደጋግሞ ሲናጥ እርሳሱ ከቀለሃው እየሾለከ ወደ ፊት ይወጣል። አፉ ከጥይት ቤቱ አልፎ ብቅ ካለ ተሽከርካሪው መዞር ያቅተዋል። ማለትም ሽጉጡ ሁለት ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሊቆለፍ ይችላል፣ ያውም ዋናው ምክንያት ቅለቱ ነው! ተሽከርካሪ ሽጉጥን ሰው የሚወደው "አይነክስም" ብሎ ነው። ለቅለት ሲል ያንኑ የወደደለትን ነገር ይሰጣል።

ስለዚህ ከሦስቱ ምረጡ ካላችሁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ብረቱን። ከበድ ይላል፣ ግን ትለማመድበታለህ።

ነገር ግን ልጁ ያልጠየቀኝን ጠየቅኩት። ለምንድን ነው የምትይዘው? "ለድብ" አለኝ። ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ድብ ነው። ትልቁና አስፈሪው፣ ግሪዝሊ የሚሉት፣ እዚያ ግዛት የመጨረሻው የተገደለው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቁሩም ቢሆን ድብ ነውና አይናቅም። ታዲያ ለድብ የሚሆን ሌላ ነገር አለ፤ በጣሳ የታሸገ የበርበሬ መርጫ። አዎ፣ በርበሬ! እናትህ ደጃፍ ላይ ስታሰጣው መንደሩን ስታስነጥሰው የነበረው ያው ቅመም፣ ትንሽ ተጠናክሮ። አላስካ ላይ ተመራማሪዎች የብዙ ዓመት መዝገብ ሰብስበው በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ድብ ቅርብ መጥቶባቸው መርጫውን ይዘው ከነበሩት ሰዎች 98 በመቶው ምንም ጉዳት አልደረሰባቸውም። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጦር መሣሪያን ለብቻው ሲያዩት፣ ድብ ላይ በተኮሱትና መሣሪያቸውን ባልተጠቀሙበት መካከል በደረሰው ጉዳት ልዩነት አላገኙም። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ይከብዳል፤ ቢሆንም ለእኔ ይበቃኛል። መርጫው እንደ ደመና ስለሚበተን የሚንቀጠቀጥ እጅንም ይምራል። ክብደቱም ከዚያ ከቀላሉ ሽጉጥ ብዙ አይርቅም። አውሮፕላን ላይ ግን ይዞ መግባት አይቻልም፣ እዚያው ገዝተህ እዚያው ትተወዋለህ።

እዚህ ላይ "ጋሼ፣ እርስዎ ሽማግሌ ስለሆኑ ነው፤ የይፋግ ልጅ መሣሪያ ይፈራል እንዴ?" የሚለኝ አይጠፋም። ልንገራችሁ።

አጎቴ የጣሊያን ስድስት ጎራሽ ነበረው። ቃታዋ እንደ ሰንጢ ስለት የምትታጠፍ፣ ኪሎ የምታክል ሽጉጥ። ጎንደር ላይ ጣሊያን እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው፤ በዚያ ሰሞን ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፉት አንዷ ነበረች። አጎቴ ያለ እሷ ገበያ አይወርድም። ተኩሶባት አይቼው አላውቅም። የሚይዛት ለማዕረግ ነው፤ ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ ጫፏ ትታያለች፣ በቃ። በእኛ አገር ሽጉጥ ድሮም እንዲህ ነው። ቴዎድሮስ እንኳን መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ራሱን ያጠፋበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከለት የክብር ስጦታ ነበር ይባላል።

ልጅ ሆኜ፣ አጎቴ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ይዞን በእግር ወደ ደብረ ታቦር ለሠርግ ስንሄድ ርብን ልንሻገር ሆነ። ወንዙ ጉልበት ላይ ይደርሳል። አጎቴ ሱሪውን ሊጠቀልል ጎንበስ ሲል ሽጉጧ ከወገቡ ሾልካ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ውስጧ ያረጀች ነበረች፤ መዶሻዋም ያረፈው ጥይት ያለበት ቀዳዳ ላይ ነው። ድምፁን አልረሳውም። ወንድሜ መጀመሪያ የሳቀ መስሎኝ ነበር፤ አፉ ተከፍቶ ድምፅ አጣ። ጥይቱ ባቱን በስቶ አጥንቱን ሰብሮ ወጣ። በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው መንገደኞች ተሸከሙልን። እግሩ ተረፈ፣ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። አጎቴ ሽጉጧን ሸጦ ለሕክምናው ከፈለ፤ ከዚያ በኋላ ከወንድሜ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ እንጀራ ሲበላ አላየሁም። ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር።

የዛሬዎቹ ሽጉጦች ለዚህ መላ አላቸው፤ ቃታው ካልተሳበ መዶሻው ጥይቱን እንዳይነካ የሚከለክል ብረት መሐል ይገባል። ድሮ ደግሞ አዋቂዎቹ አምስት አጉርሰው መዶሻውን ባዶው ላይ ያሳርፉት ነበር። አጎቴ ይሄን የሚነግረው ሰው አላገኘም። ይሁን እንጂ ያ መላ ለመውደቅ ነው እንጂ ለልጅ ጣት አይደለም። እነዚህ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የእጅ መቆለፊያ የላቸውም። ጠባብ ድንኳን፣ ጨለማ፣ ባትሪ ፍለጋ የአባቱን ቦርሳ የሚበረብር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ። ዴንቨር ያለውን ልጅ የጠየቅኩት ይሄን ነው፤ ሌሊት ሽጉጡ የት ያድራል? ትራስህ ሥር ካደረ ልጅህም እዚያው ነው። ተቆልፎ ካደረ ደግሞ ድቡ እስክትከፍት ይጠብቅሃል?

አሁን ወደ እኛው። እዚህ ያላችሁት የምትፈሩት ድብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእኛ ጅብ ብዙውን ጊዜ ሰው ቆሞ ሲጮህበት ይሸሻል። ጣና ዳር የሚወጣ ጉማሬን በሽጉጥ አቆማለሁ የሚል ካለ ጉማሬ አይቶ አያውቅም፤ መንገዱን ለቆ መሄድ ነው። መንገደኛን በእውነት የሚያስቸግረው የመንደር ውሻ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ዱላ አለ፤ ከነከሰም በሽታው አይጠበቅም፣ ያኔውኑ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

የምትፈሩት ሰው ነው። እውነታችሁን ነው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። ይፋግ ልቅሶ ለመድረስ ከባሕር ዳር ሐሙሲት፣ ወረታ እያልኩ ስሄድ እኔም ልቤ ተንጠልጥሎ ነው። ግን አስቡት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ወንጀል አድርጎታል። ሕጉን እንኳን ብንተወው፣ በዚህ ዘመን መንገድ ላይ ሽጉጥ ወገቡ ላይ የተገኘበት ሰው "መንገደኛ ነኝ" ቢል ማን ያምነዋል? ያስቆመው ማንም ይሁን ማን፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ዘራፊውም ቢሆን ከስልክህ ይልቅ ሽጉጥህን ይወደዋል።

ደግሞ በኮንትሮባንድ የሚሸጠውን አትመኑ። ከቱርክ ከሚገቡት ውስጥ ለድምፅና ለጭስ ብቻ ተሠርተው በኋላ አፈሙዛቸው ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተደረጉ አሉ። አካላቸው ለስላሳ ቅይጥ ነው፣ ያን ግፊት ችሎ እንዲኖር አልተሠራም። "ቀላል ናት፣ ኪስ ውስጥ አትታወቅም" ብሎ ያሳየኝ ልጅ ነበር። መልሰህ ስጥ አልኩት። አልሰማኝም፤ ሁለት ጣቶቹን አጥቷል።

የዴንቨሩ ትናንት መለሰልኝ። ሽጉጡን ለጊዜው ትቶታል፤ ሁለት የበርበሬ መርጫ ገዝቷል፣ ጊዜው ያለፈበትን አንዱን ደግሞ ለልምምድ ሜዳ ላይ ረጭቶ ነፋሱ ወደ ራሱ መለሰበት አሉ። ልጁ በሳቅ ሞቷል። "ሽጉጥ ቢሆን ኖሮስ?" አልኩት፣ ዝም አለ። መንገዱ ሲረጋጋ ልጁን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ጣራ ገዳምን አብረን እንወጣለን። ጫማ ከእነሱ፣ ዱላ ከእኔ።