የሁለት ወርቅ ባለቤቱ ምን ጎደለው?

መስቀል ሲደርስ እምድብር ሞልታ ትፈሳለች። ከመርካቶው፣ ከአዳማው፣ ከሐዋሳው ዓመቱን ሙሉ ሲነግድ የከረመው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። ክትፎው ይከተፋል፣ ቆጮው ይቀርባል፣ የተጠራቀመው ወሬም ይወራል። ሩጫ ከተነሳማ የሰለሞን ባረጋ ስም ሳይጠራ አይታደርም። የጉራጌ ልጅ ነዋ! እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ43.22 ሰከንድ ጨርሶ ሁለቱን ኡጋንዳውያን፣ ቼፕቴጌይንና ኪፕሊሞን፣ ከኋላው አስቀርቷል። ኢትዮጵያ ከዚያ ኦሎምፒክ ይዛ የተመለሰችው ብቸኛ ወርቅም የእሱ ነው። ስለዚህ በሰለሞን ታላቅነት ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚነሳው «ሙክታርስ?» የተባለ እንደሆነ ነው።

ሙክታር እድሪስ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ቡታጅራን አልፎ ከሚገኘው ከስልጤ ምድር የበቀለ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ይሁን እንጂ የታላላቆቹ ስም ሲዘረዘር አበበ፣ ማሞ፣ ምሩፅ፣ ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ እየተባለ ይቀጥልና ሙክታር ጋ ሲደርስ ይዘለላል። «እሱማ ኦሎምፒክ የለው!» ተብሎ ይዘጋል። ፍርዱ ግን ትክክል ነው ወይ?

የሠራውን እንይ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ ሁለቱንም ርቀት ካሸነፈ በኋላ የ5 ሺህ ሜትሩ የዓለም ወርቅ ከኢትዮጵያ እጅ ወጣ። በ2011፣ በ2013 እና በ2015 ወርቁን የወሰደው እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ነው። በለንደንና በሪዮ ኦሎምፒኮችም እንዲሁ። ኢብራሂም ጄይላን በ2011 ዴጉ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ቀድሞታል፤ በ5 ሺህ ግን ያ ሁሉ ጀግና እየተፈራረቀ ሞክሮ አልሆነም። ኦገስት 12 ቀን 2017 ፋራህ በገዛ ሀገሩ፣ በለንደን ስታዲየም፣ ለመጨረሻ ጊዜ በትራክ ሻምፒዮና ሲሰለፍ ሕዝቡ ለሽኝት ተሰብስቦ ነበር። ሽኝቱን ያበላሸው ሙክታር ነው። በ13 ደቂቃ ከ32.79 ሰከንድ ቀድሞ ገባና የፋራህን የታወቀች የእጅ ምልክት ራሱ አሳያት። በዚያው ውድድር አንድ የ17 ዓመት ልጅ አምስተኛ ወጥቷል፤ ሰለሞን ባረጋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ዶሃ መጣ። ሙክታር የዓመቱ ሩጫው አላማረለትም ነበር። ዶሃ የገባውም በባለ ድልነቱ በተሰጠው ዕድል ስለሆነ ብዙ ሰው ከግምት ውጪ አድርጎት ነበር። ቀኑ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2019 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 19፣ ልክ ከመስቀል ሁለት ቀን በኋላ! እምድብር ገና እንግዶቿን አልሸኘችም። የስልጤው ልጅ በ12 ደቂቃ ከ58.85 አንደኛ፣ የጉራጌው ልጅ በ12 ደቂቃ ከ59.70 ሁለተኛ። ለዚህ አካባቢ ከዚህ የበለጠ የበዓል ስጦታ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮናን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ኢትዮጵያዊ ወንድ ከሙክታር ሌላ የለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1993 ሽቱትጋርት ላይ በዚህ ርቀት ብር ነው ያገኘው። ቀነኒሳም ቢሆን ያሸነፈው አንዴ፣ የበርሊኑን ብቻ ነው። ይህ ማለት ሙክታር ከእነሱ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ኧረ በጭራሽ! እነሱ ያልደገሙትን የደገመ ሰው ግን ተራ ሯጭ ሊባል አይችልም።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ነገር ባዶ ነው ማለት አይደለም። የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የለውም፤ እውነት ነው። ሪዮ ላይ አራተኛ ሆኖ ገብቶ የትራክ መስመር ረግጠሃል ተብሎ ውጤቱ ተሰርዞበታል። የዓለም ክብረ ወሰንም የለውም። ምርጥ ሰዓቱ 12 ደቂቃ ከ54.83 ነው፤ ከቀነኒሳ 12 ደቂቃ ከ37.35 ጋር ሲተያይ ርቀቱ ሰፊ ነው። ሰለሞን እንኳ ገና በ18 ዓመቱ ብራሰልስ ላይ 12 ደቂቃ ከ43.02 ሮጧል። በሰዓት ከተመዘነ ሙክታር ይቀላል።

ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያቋቋመው የዝነኞች አዳራሽ፣ ፈረንጆቹ «ሆል ኦፍ ፌም» የሚሉት፣ መመዘኛም ለእነዚህ ሰዎች የሚያደላ ይመስላል። አበበ ቢቂላ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ ነው። ደንቡ ቢያንስ ሁለት የኦሎምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ፣ ቢያንስ አንድ የዓለም ክብረ ወሰን፣ እንዲሁም ሩጫ ካቆሙ አሥር ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ሙክታር የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል።

ግን እኮ መመዘኛው ራሱ ይመዘን! ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎናና በሲድኒ ኦሎምፒክ፣ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ የርቀቱን ክብረ ወሰን ይዛ አታውቅም። የማራቶኑ ገዛኸኝ አበራ የሲድኒም የኤድመንተንም ባለ ወርቅ ነው፤ ክብረ ወሰን ግን የለውም። ሞ ፋራህ ራሱ በ5 ሺህም ሆነ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሳይኖረው ነው ዘመኑን የገዛው። ደራርቱን «ጎደሎ ናት» የሚል ደፋር ካለ ይምጣ! ደንቡም ቢሆን በስፖርቱ ላይ ለየት ያለ ተጽዕኖ ላሳደሩ በር የከፈተው ሰዓት ብቻውን ዳኛ እንደማይሆን ስለሚያውቅ ነው።

ክብረ ወሰን አሯሯጭ ተቀጥሮ፣ አየሩ ተመርጦ ይሰበራል። ሻምፒዮና ግን ቀጠሮ አይለወጥበትም። በተባለው ቀን፣ ከዓለም ምርጦች ጋር፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲያፍን፣ በመጨረሻው ዙር የቀረውን ጉልበት አውጥቶ ማሸነፍ ነው። ሙክታር ይህን ፈተና አንዴ በሞ ፋራህ ሜዳ፣ አንዴ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት አልፏል። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ይባል ነበር። ሁለቴ ግን አጋጣሚ አይባልም።

ስለዚህ መልሱ ግልጽ ነው፤ ሙክታር ቦታው ከታላላቆቹ ጋር ነው። ከአበበና ከቀነኒሳ ጎን ላይሆን ይችላል፤ መዝገቡ ውስጥ ግን ስሙ መኖር አለበት። ለዚህ ደግሞ የውጭ አገር አዳራሽ በር እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። ሩጫውን ዛሬ ቢያቆም እንኳ ደንቡ ገና አሥር ዓመት አስቀምጡት ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ ማወደስ የሚያውቅበት ከቀብር በኋላ ነው። የሞስኮው ጀግና ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ቶሮንቶ ውስጥ ሲያርፍ ስንቱ ነው ያን ጊዜ ብቻ ታሪኩን ማውራት የጀመረው?

አቀባበል የአንድ ቀን ነው፤ አበባውም ይጠወልጋል። በየዓመቱ በስሙ የሚካሄድ የልጆች ሩጫ፣ በስታዲየም በር ላይ የተጻፈ ስም፣ በትምህርት ቤት የሚነገር ታሪክ ግን ይቆያል። ወራቤም ትጀምረው ወልቂጤ፣ ቡታጅራም ትጀምረው እምድብር ልዩነት የለውም። እምድብር ላይ ደብተሩን ይዞ ዳገቱን እየሮጠ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ «ሯጭ የሚወጣው ከበቆጂ ነው» የሚለውን እየሰማ ነው ያደገው። ዶሃ ላይ ወርቁና ብሩ ከወዴት እንደ መጡ ሊነገረው ይገባል።

ሰለሞን ሲነሳ ሙክታርም ይነሳ። መስቀል በመጣ ቁጥር።